ከትንሽ ካሜራ ጥራት ያለው ፕሮግሬሲቭ ቪዲዮ ለማግኘት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጀማሪ በቅርቡ ፋይል ይዞልኝ መጣ። «ካሜራው ሙሉ ኤችዲ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት፤ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው» አለኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ፣ ውስጡ ያለው ሰውዬ እጁን የሚያወዛውዝበት ቦታ ላይ አቆምኩት። እጁ ሁለት ሆኗል፤ ሁለቱም እንደ ጥላ የሳሱ። «ዋናው ፋይል የታለ?» ስለው «ኮንቨርት ካደረግኩት በኋላ አጠፋሁት» አይለኝም!

ዋናውን ፋይል አታጥፉ! ስንት ጊዜ ልናገር?

1080አይ (አይ ማለት ኢንተርሌስድ ነው) ብሎ የሚቀርጽ ካምኮርደር በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ግማሽ ምስል ያነሳል። መጀመሪያ 540 ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች (1፣ 3፣ 5...)፣ ቀጥሎ 540 ሙሉ ቁጥር ያላቸው (2፣ 4፣ 6...)። ፊልድ የምንላቸው እነዚህ ግማሾች የተነሱት በተለያየ ቅጽበት ስለሆነ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ ላይ የሚዶ ጥርስ ያወጣል። ርካሹ ኮንቨርተር (ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም) ጥርሱን ለመደበቅ ሁለቱን ግማሾች ይደባልቃል፤ የሰውዬው እጅ ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ፊልድ ወደ ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ወደ ሙሉ ምስል ማሳደግ ነው፤ ይህ ዲኢንተርሌስ ይባላል። 50አይ የነበረው 50ፒ ይሆናል፤ ፒ ማለት ፕሮግሬሲቭ፣ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ሙሉ ምስል ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ያዲፍ የተባለ ዲኢንተርሌስ ማድረጊያ ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ፍሬም እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። ኪውቲጂኤምሲ የተባለው ሌላ ማድረጊያ ከእሱ ይሻላል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ማታ ከፍታችሁት ተኙ።

ከዚህ የባሰው መጠን መቀነስን ማስቀደም ነው። ይህን ያደረግኩት እኔው ራሴ ነኝ። የአንድ ሙሉ ቀን ሰርግ፣ ዲኢንተርሌስ ሳላደርግ ወደ 720 መስመር አወረድኩት። የሁለት ቅጽበት መስመሮች እርስ በርስ ተዋጡ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም አይለያቸውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሙሽራዋ አላወቀችም፤ እኔ ግን ያን ዲስክ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ፣ ቀጥሎ መጠን መቀየር ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። ዲኢንተርሌስን የተማረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ዲኢንተርሌስ ያደርጋል። «ፒኤፍ25» በሚባለው የካኖን ካሜራዎች ምርጫ የተቀረጸ ፋይል 50አይ ነኝ ይላችኋል፤ ሁለቱ ፊልዶች ግን የአንድ ቅጽበት ናቸው። ይህን ዲኢንተርሌስ ካደረጋችሁ ግማሹን ዝርዝር በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ክሊፑን ፕሮግሬሲቭ ነው ብላችሁ መንገር ብቻ ይበቃል። በ2007 የወጣው የካኖን ኤችቪ20 24ፒውን (በሰከንድ 24 ፍሬም) በ60አይ ውስጥ ነበር የሚደብቀው፤ 4 ፍሬሞች በ10 ፊልዶች ላይ ተበትነዋል፤ ይህ አበታተን ፑልዳውን ይባላል። ይህኛው የሚፈልገው ፑልዳውን ማስወገድ ነው፣ ዲኢንተርሌስ አይደለም።

እንዴት ይለያል? እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ላይ አቁሙና ፍሬም በፍሬም ሂዱ። ሁሉም ጥርስ ካወጡ እውነተኛ ኢንተርሌስድ ነው። ሦስት ንጹሕ፣ ሁለት ባለ ጥርስ እየተፈራረቁ ከመጡ 24ፒ ተደብቋል። ጥርስ ከሌለ አትንኩት።

የፊልድ ቅደም ተከተል ከተሳሳተ ሰው አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ ዲቪ (የቆየው የዲጂታል ካሴት ቪዲዮ) ከታችኛው ፊልድ ይጀምራል፣ ኤችዲ ከላይኛው።

ደግሞ ሜኑውን ሳያዩ መቅረጽ። በ2011 ኤቪሲኤችዲ የተባለው የካምኮርደሮች የቀረጻ ስልት ሲሻሻል 1080 በ50ፒ እና በ60ፒ መቅረጽ ተፈቅዷል። ካሜራችሁ ይህ ምርጫ ካለው ያን ክፈቱና ከላይ ካወራሁት ጣጣ ተገላገሉ።

በፎቶ ካሜራ የምትቀርጹት ጥርስ አያስቸግራችሁም፤ ሌላ ጣጣ ግን አለ። በ2008 የወጡት ኒኮን ዲ90 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ፕሮግሬሲቭ ናቸው፤ ግን ሴንሰሩ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ አያነቡም፣ እየዘለሉ ነው። ስለዚህ ባለ ቀጭን መስመር ሸሚዝ ወይም የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ቀለም ያለው ማዕበል ይነሳል። ቦታችሁን ቀይሩ፣ ወይም ፎከሱን ከቆርቆሮው ላይ አንሱ። ሻርፕነስን (ጠርዝ የሚያጎላውን ምርጫ) እስከ ታች አውርዱት፤ ኋላ ኤዲት ላይ መጨመር ይቻላል፣ ካሜራው የሳለውን ነጭ ጠርዝ ማጥፋት ግን አይቻልም። ካሜራውን በፍጥነት አታዙሩ፤ ምሰሶው ሁሉ ይጋደማል።

ሹተርን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ለአውቶ መተው፦ ፀሐይ ላይ 1/1000 ሰከንድ ይገባና እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። በ25ፒ ስትቀርጹ 1/50 ያዙ፤ ብርሃኑ ከበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ሌንሱ ላይ ግጠሙ። የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ከሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ 1/50 ወይም 1/100 ብልጭታውን ያጠፋል፤ 60 ኸርዝ ባለበት 1/60።

ዲጂታል ዙም? ዝጉት።

ልጁ በማግስቱ ሜሞሪ ካርዱን አመጣው። ያልተደመሰሱ ሁለት ክሊፖች ተገኙበት። አንዱን በያዲፍ አሳለፍነው፣ የሰውዬው እጅ አንድ ሆነ። ሌላው ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ መሬት መሬቱን የቀረጸው ነው።