የባትሪ ኢምፓክት ዳዶ አልፈታ ሲል ከየት ይጀመራል?

ቃታውን ሲጫኑት ይንጣጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ዳዶው ግን ንቅንቅ አይልም። ትናንት የመኪና ጎማ በሰከንድ ይፈታ የነበረ ኢምፓክት (ዳዶን እየመታ የሚፈታና የሚያጠብቅ ማሽን) እንዲህ ሲለግም ብዙ ሰው “ሞተሩ ደክሟል” ብሎ ወይ ለጠጋኝ ይሰጠዋል ወይ ሌላ ይገዛል። ማሽኑን መክፈት ግን የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት። ኃይሉ ከባትሪው ተነስቶ ዳዶው ጋ እስኪደርስ የሚባክንበት ቦታ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ ምንም ሳይፈቱ ማረጋገጥ ይቻላል።

ኢምፓክት እንደ ድሪል በመጠምዘዝ ብቻ አይሠራም። ውስጡ ያለው መዶሻ በሞላ እየተገፋ ቡሶላ (ዳዶውን የሚይዘው ኩባያ መሰል ቁልፍ) የሚሰካበትን ዘንግ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይመታዋል። የምቱ ጉልበት በሞተሩ ፍጥነት፣ ፍጥነቱ ደግሞ በባትሪው ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ጆሮዎን ይመኑ፦ ምቱ ፈጣንና ጥርት ያለ ሆኖ ዳዶው እምቢ ካለ ችግሩ ያለው ከቡሶላው ጀምሮ እስከ ዳዶው ባለው ነው፤ ምቱ የተጎተተና የታፈነ ከሆነ ባትሪው ወይም ማሽኑ ነው።

መጀመሪያ ባትሪው። ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፤ ደህና መሆኑን የሚያውቁት ሌላ ባትሪ ካለ ደግሞ ቀይረው ይሞክሩ። ከዚህ የፈጠነ ምርመራ የለም። 18 ቮልት የሚባለው ባትሪ ውስጡ በተከታታይ የተያያዙ 5 ሴሎች ስላሉት ከቻርጀር እንደወጣ ከ20 እስከ 21 ቮልት ማሳየት አለበት። ነገር ግን ያረጀ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ ጫና ሲመጣበት ነው ቮልቱ የሚወድቀው። የባትሪውን መብራቶች ይመልከቱ፦ ጥቂት ዳዶ እንደመታ ከአራቱ አንዱ ብቻ ቀርቶ፣ ትንሽ ሲያርፍ ወደ ሦስት ከተመለሰ ሴሎቹ ደክመዋል።

አነስተኛ ባትሪም ያዳክማል። በአምፔር ሰዓት (ባትሪው በሚይዘው መጠን) ባለ 2 የሆነው ብዙ ጊዜ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ሲኖረው፣ ባለ 5ቱ በአብዛኛው ሁለት ረድፍ ስላለው ጫናውን ይካፈሉታል። ያው ማሽን በትልቁ ባትሪ ሌላ ማሽን ይመስላል። በየገበያው “88 ቪ.ኤፍ.”፣ “128 ቪ.ኤፍ.” ተብሎ የሚሸጠውን ቁጥር ደግሞ አይመኑት። አብዛኛው ሲከፈት ያው 5 ሴል፣ ማለትም 18 ቮልት ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ኃይሉ ከፍ አይልም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ቦታ ባትሪው መኪና ውስጥ አድሮ ከሆነም ሞቅ እስኪል ክፍል ውስጥ ያቆዩት፤ ሊቲየም ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። የባትሪውና የማሽኑ መገናኛ ብረቶች ጠቁረው ወይም ላልተው እንደሆነም ይዩ፤ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ሲደርቅ ይግጠሙት።

ቀጥሎ የፍጥነት መምረጫው። 1፣ 2፣ 3 ያለው ከሆነ የመጨረሻው ላይ ያድርጉት። አንዳንዱ ማሽን ወደኋላ ሲዞር ዳዶው እንደላላ ራሱን የሚያቆም አሠራር አለው፤ እሱን ያጥፉት።

አሁን ቡሶላው። ባትሪውን ነቅለው በእጅዎ ወዘወዝ ያድርጉት። በጣም ከተንገዋለለ ወይ እሱ ወይ ዘንጉ አልቋል፤ ያ ክፍተት ምቱን ይበላዋል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ከዚህም ይብሳል፦ በእያንዳንዱ ምት ራሱ ይጠመዘዝና ይመለሳል እንጂ ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ ዳዶው ጋ አይደርስም። ተጣጣፊ መገጣጠሚያና ማሳነሻም (ዘንጉን ከሌላ መጠን ቡሶላ ጋር የሚያገናኘው) እንዲሁ። ሁሉንም አውጥተው፣ ለኢምፓክት የተሠራ ጥቁር ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ሰክተው ይሞክሩ። የሚያብረቀርቀው የእጅ ቡሶላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ተሰንጥቆ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ማሽኑን ቀጥ አድርገው ወደ ዳዶው ይግፉት፣ ቃታውንም እስከ መጨረሻው ይጫኑ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የዳዶው ሊሆን ይችላል። የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ መታሰር ያለበት በ103 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) ነው። ጎሚስታው በኮምፕሬሰር ኢምፓክት ከልክ በላይ ካጠበቀው፣ ዝገትም ከተጨመረበት፣ ለመፍታት የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የማሽኑ ካርቶን ላይ በኒውተን ሜትር ሁለት ቁጥር ካለ ትልቁ የመፍቻው ነው፤ 200 የሚል ትንሽ ማሽን ይዞ የጭነት መኪና ጎማ መታገል ባትሪና ሞተር ማቃጠል ነው። ሙጭጭ ያለ ዳዶ ጥርሱ ላይ ዝገት ማስለቀቂያ ይንፉበትና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ መጀመሪያ ለቅጽበት ወደ ማጥበቂያው መትተው ወዲያው ወደ መፍቻው ይመልሱት፤ ዝገቱ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በ10 ሰከንድ ካልተነቃነቀ ያቁሙ። መኪናው በክሪክ ሳይነሳ በረጅም እጀታ በእጅ ካላሉት በኋላ ቀሪውን ለኢምፓክቱ ይተዉለት። በእሳት ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል።

የቆየ አይሱዙ ላይ የሚሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በብዙዎቹ የግራ ጎማ ቡሎን ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የቡሎኑን ጫፍ በጨርቅ ጠርገው ይዩት፤ “ኤል” የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ከተቀረጸበት እስካሁን ሲያጠብቁት ነበር ማለት ነው።

ማሽኑ ጋ የሚደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካርቦን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብል፣ እያለቀ የሚቀየር ቁራጭ) ያለው ሞተር ከሆነና በአየር ማስወጫው በኩል ብዙ ብልጭታ ከታየ ካርቦኖቹ አልቀዋል፤ ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ መዶሻው የማይመታ ወይም አንዴ እየመታ አንዴ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የመዶሻው ክፍል ተበልቷል ወይም ግራሶው ደርቋል። ሲታደስ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል፤ ክፍሉን በግራሶ መሙላት ምቱን ያፍነዋል። ዋስትናው ካላለቀ ራስዎ አይክፈቱት።

ዳዶዎቹን ሲመልሱ በእጅ ያስጀምሩ፣ በኢምፓክቱ በዝቅተኛው ፍጥነት እስኪነካ ብቻ ያድርሱ፣ ማጥበቁን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በተሻጋሪ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከአንዱ ቀጥሎ ትይዩውን እያጠበቁ ይጨርሱ።