ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ፦ የጎንደር ቤት ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ቤት በመጠገን ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። ሥራውን የጀመርኩት ለሳኝ ሆኜ ነው። አሁን ጣሪያውንም፣ ግድግዳውንም፣ ወለሉንም በኮንትራት እይዛለሁ። ሰው ሲደውልልኝ የሚነግረኝ በዓይኑ ያየውን ነው። «ቀለሙ ተላጠ»፣ «ኮርኒሱ ጠቆረ»፣ «ልስኑ ወደቀ» ይለኛል። ልክ ነው። ግን የታየው ቦታና ችግሩ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

አንዴ አራዳ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ አስቀባሁት፣ ሦስቴም ጣለው» አሉኝ። ከኮርኒሱ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ተልጧል። «እማማ፣ ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት፤ መሰላል አለ?» አልኳቸው። ቆርቆሮው ላይ ስወጣ አንድ ሚስማር አገኘሁ፤ ጎማው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለአንድ ሚስማር ሦስት ጊዜ ቀለም ተገዛ፣ ሦስት ጊዜ የእጅ ዋጋ ተከፈለ። እንዲህ ዓይነት ነገር ያንገበግበኛል።

ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንብበት ከተማ ቤት ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃን ነው። ስለዚህ ከላይ ልጀምር።

«ጣሪያው ያፈሳል»

ምልክቱ ኮርኒስ ላይ የሚታይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ነው። ሰው ቀዳዳውን ከዚያ ክብ በላይ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ውሃ ከገባ በኋላ እንጨቱን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ሜትር ተጉዞ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ከክቡ ተነስታችሁ ወደ ጣሪያው ራስ አቅጣጫ ፈልጉ።

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ፀሐይ በጠራበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ግቡና መብራት አጥፉ። ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ያበራል። በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳ ካልታየ ውሃው የሚገባው አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ በሚደረብበት በድርብርቡ በኩል ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ጄሪካን ይዞ ይውጣ፣ አንዱ ከሥር ይጠብቅ። ውሃውን ከታችኛው ጠርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አፍስሱ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ይረጥብና የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ስትወጡ ደግሞ ሚስማር የተመታበትን መስመር እየረገጣችሁ ሂዱ፤ ከሥሩ እንጨት አለ።

የማገኛቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የሚስማሩ ጎማ ማርጀት ነው። ሁለተኛው ሚስማሩ በቆርቆሮው ሸለቆ ውስጥ መመታቱ ነው። ሚስማር መመታት ያለበት ጀርባው ላይ ነው፤ ሸለቆው የውሃ መንገድ ነውና። ሦስተኛው ድርብርቡ አንሶ መገኘቱ ነው። በጎን አንድ ሞገድ ተኩል፣ በርዝመት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለበት። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ተብሎ ድርብርቡ ሲቀነስ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ውሃውን ሽቅብ ይገፋዋል።

ያረጀውን ሚስማር ነቅላችሁ እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሳችሁ አትምቱት፤ እንጨቱ ሰፍቷል፣ አይዝም። ወፈር ያለ ብሎን ከአዲስ ጎማ ጋር ይግባበት። ሬንጅ መቀባት ለአንድ ክረምት ያሻግራል፤ ከዚያ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ቆርቆሮ መቀየር የግድ ከሆነ ደግሞ በቁጥሩ አትታለሉ። ባለ 35 የሚባለው ከባለ 32 ይሳሳል፣ ባለ 28 ከሁለቱም ይወፍራል። ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል። ይህንን ሥራ ግንቦት ሳያልቅ ጨርሱ። ሐምሌ ላይ የሚደውልልኝ ሰው የሚያገኘው ሸራ መወጠር ብቻ ነው።

«አሸንዳ ምን ይሠራልኛል?»

ይሄ ጥያቄ እንጂ ችግር አይመስልም። ግን ብዙ ችግር የሚወልደው እሱ ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1,000 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ግድግዳው እግር ሥር ነው። አሸንዳ ኖሮ በቅጠል ከተደፈነም ያው ነው። የባህር ዛፍ ጥላ ሥር ያለ ቤት በክረምት ሁለቴ ሦስቴ መጠረግ አለበት።

ቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ውስጥ ይህን ውሃ ወደ ሮቶ መምራት እንዴት እንደሚጠቅም የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ለመጠጥ ባይሆን ለልብስና ለሽንት ቤት ይሆናል።

«የግድግዳው እግር ይረጥባል፣ ልስኑ ይወድቃል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በነባር ሰፈሮቻችን ብዙ ቤት የጭቃ ነው። ቋሚው ባህር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃና ጭድ። ባለቤቱ ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመኘው በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። አንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ ልስኑ ሆዱ ይነፋል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ይጮሃል። በመጨረሻ እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ይወድቃል። ባለቤቱ «ለሳኙ ሲሚንቶ ሰርቆብኝ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ለሳኙ ሙሉ ሲሚንቶ ቢያስገባም መውደቁ አይቀርም ነበር።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ሌላው፣ የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ በኩል ለአየር ይለቃል። ሲሚንቶ ሲለብስ መውጫ ያጣል። እርጥበቱ ውስጥ ይታመቅና ቋሚውን ያበሰብሳል። የዶሮ ሽቦ መትቶ መለሰን ልስኑን ለጊዜው ይይዘዋል፤ የቋሚውን መበስበስ ግን አያስቀርም።

መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ እወቁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መሃል ከተገኘ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከውጭ በኩል ላዩ ላይ ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው፤ ምግብ የሚበስልበት መስኮት የሌለው ክፍል እንዲህ ያደርጋል፣ መፍትሄውም መስኮት ነው።

ከግድግዳው ከሆነ ሥራው ከውጭ ይጀምራል። ግድግዳው ሥር የተከማቸውን አፈር ዝቅ አድርጉ። ከወለላችሁ በላይ ከፍ ብሎ ስንት ቤት ውስጥ እንዳገኘሁት! ከዚያ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ይሠራ። ጫፉ ከግድግዳው ሥር በአምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበልና ውሃውን ወደ ውጭ ይሸኘው። የላላውን ሲሚንቶ አራግፉ፣ ግድግዳው በበጋው ይድረቅ። የበሰበሰውን ቋሚ ቀይሩ። ከዚያ በጭቃ መልሳችሁ አስመርጉት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት መቦካት አለበት። በዕለቱ የተረገጠ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ለዚህ ሥራ ከኅዳር ወዲያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ አዲስ የጤፍ ጭድ ይገኛል፣ ዝናቡም ቆሟል።

ማሳመሪያው ኖራ ይሁን። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። አንዳንድ ሰው ኖራ ስለው የድሃ ቤት ቀለም ያቀረብኩለት ይመስለዋል፣ ፊቱ ይቀየራል። የፋሲል ግምብ ድንጋይ የተያያዘው እኮ በኖራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1600ዎቹ የተሠራ ግንብ ዛሬም በዓይናችን ፊት ቆሟል።

የብሎኬት ቤት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሲሚንቶ ልስን ትክክል ነው። ልስኑ ከወደቀ ብሎኬቱ ሳይረጥብ ተለስኖ ወይም ልስኑ ውሃ ሳይጠጣ ደርቆ ይሆናል። ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ።

«ቀለሙ ለጥምቀት ተቀብቶ ለፋሲካ ተላጠ»

እንግዳ ይመጣል፣ ቤቱ መድመቅ አለበት፣ ይገባኛል። ግን ከገና በኋላ ተለስኖ ለጥምቀት የሚቀባ ግድግዳ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያገኘው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ለመድረቅ አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቀለም ከለበሰ ውሃው ቀለሙን እየገፋ ይወጣል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ያ ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው መልሶ ያስገባዋል። ለጥምቀት እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው ልስኑን ኅዳር ውስጥ ያስጨርስ።

«ግድግዳው ተሰነጠቀ»

ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም። ፀጉር የሚያህለው የልስን ነው። አዲስ ክፍል ከአሮጌው ቤት ጋር ሲቀጠል መገናኛው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም የተለመደ ነው፤ ሁለቱ መሠረቶች እኩል አይሰምጡም።

የሚያሳስበኝ ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው ነው። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቱን በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ግራና ቀኙ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በመሃላቸው ያለውን ርቀት ለክታችሁ ከቀኑ ጋር እዚያው ግድግዳ ላይ ጻፉ። ክረምቱ ሲወጣ መልሳችሁ ለኩ። ካልተለወጠ ሙሉትና ቀቡት። ከሰፋ፣ ወይም ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ግንበኛ ሳይሆን መሐንዲስ ጥሩ። እኔ ራሴ እዚያ ላይ አቆማለሁ።

በር አልዘጋ ሲልም ሰው መሠረቱ የሰመጠ ይመስለዋል። ወሩ ነሐሴ ከሆነ እንጨቱ አብጦ ሊሆን ይችላል። እስከ ጥቅምት ታገሡ። ነሐሴ ላይ የተላገ በር ኅዳር ላይ ነፋስ ያስገባል።

ምስጥ

ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ በጣት ሰበር አድርጉት። በነጋታው ከተጠገነ ውስጡ ሕያው ነው። መስመሩን ማፍረስ ብቻ አይበቃም። እንጨቱ ከአፈር ጋር የሚነካካበትን ቦታ ፈልጉ፤ የሚገባው በዚያ ነው። ቋሚው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ግድግዳ ላይ ማገዶ አትደርድሩ።

«ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል»

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ምጣዱ የሚሰካው ከፍሪጁና ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ መስመር ነው። ብሬከሩ ሲወድቅ ትልቅ ብሬከር የሚቀይር ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ብሬከሩ የሚወድቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። መፍትሄው ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪ ሳጥኑ የሚነሳ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ማስዘርጋት ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ዛሬውኑ ነቅላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

«ባለሙያው ጀምሮ ጠፋ»

ይሄ የእኛ የባለሙያዎች ጥፋት ነው፣ ልደብቀው አልችልም። ግን እሱም ምክንያት አለው። ግማሹን ዋጋ በቀብድ የወሰደ ሰው ሌላ ሥራ ሲያገኝ ሌላ ቀብድ ፍለጋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቤት ላይ የሚጠብቀው ገንዘብ ትንሽ ነዋ።

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ የእጅ ዋጋውን በሥራ ደረጃ ከፋፍሉ። ቆርቆሮው ሲነሳ ይህን ያህል፣ እንጨቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ሲከደን ይህን ያህል። የሚሠራው ሥራ በካሬ ሜትር ተለክቶ ይጻፍ። «ቤቱን ማደስ» ብሎ ውል የለም። ስንት ሚስማር፣ የስንት ቁጥር ቆርቆሮ፣ ልስኑ ስንት ሳንቲ ሜትር፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ዘመድም ቢሆን።

የጣሪያ ሥራ ከሆነ ከእጅ ዋጋው አንድ አሥረኛውን ያዙ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዘንቦ ኮርኒሱ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ክፈሉ። እኔም የምዋዋለው እንደዚህ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ስልክ ደውዬ «ደረቅ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።