ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ ሃርሞኒካ እንዴት ይነፋል?

ጥርስ ካስገቡ በኋላ ሃርሞኒካቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ፍርሃታቸው አንድ ነው፤ «ስነፋ ጥርሴ ተስፈንጥሮ ቢወጣስ?» ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጥርሱን የሚያላቅቀው መንፋቱ ሳይሆን መሳቡ ነው። ሃርሞኒካ ደግሞ እንደ ዋሽንት በመንፋት ብቻ አይሆንም፤ ግማሹ ድምፅ የሚወጣው አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የላይኛው ሙሉ ጥርስ ላንቃ ላይ ተለጥፎ የሚቆየው በመሃል ባለችው ስስ የምራቅ ሽፋንና በአየር ግፊት ነው። ስትነፉ አፋችሁ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ጥርሱን ወደ ላይ ይደግፈዋል። አጥብቃችሁ ስትስቡ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጥርሱም ወደ ታች መምጣት ያምረዋል። የታችኛው ደግሞ የሚለጠፍበት ላንቃ የለውም፤ ድድ ላይ ተቀምጦ ምላስና ጉንጭ ናቸው የሚይዙት። ስለዚህ ምላሳችሁን ወደ ኋላ ስትሰበስቡ ብድግ ይላል። ከራሳችሁ ጥርስ ጋር በሽቦ የሚያያዝ ከፊል ጥርስ ያላችሁ ግን ብዙም አትጨነቁ።

መጀመሪያ ጥርሱን እዩት። ስታወሩም የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥፋቱ የሃርሞኒካው አይደለም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድድ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ድሮ ልክ የነበረው ይሰፋል፤ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ውስጡን አስተካክሉት። ጥርስ ያስነቀላችሁት በቅርቡ ከሆነ ቁስሉ ሳይድን አትጀምሩ። ልክ የሆነ ጥርስ ላይ የጥርስ ማጣበቂያ ክሬም ይረዳል። ጥርሱን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሲበዛ በጎን እየወጣ ሃርሞኒካው ውስጥ ይገባል፣ ለማጽዳት ደግሞ አበሳ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። አዳማ ውስጥ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሙቀቱና ያ ተርባይን የሚያሽከረክረው ነፋሳችን አፍ ያደርቃሉ፣ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ጥርሱ የሚለጠፍበት ነገር ያጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ውሃ ጠጡ፣ በየመሃሉም ጎንጨት በሉ። ለስላሳ ግን ይቅር፤ ስኳሩ ሃርሞኒካው ውስጥ ያሉትን ድምፅ የሚያወጡ ቀጫጭን የነሐስ ምላሶች ያጣብቃቸዋል። ዳቦ ወይም ቆሎ በልታችሁ ከሆነም (ያው በዚህ ጥርስ ቆሎ የሚሞከር ከሆነ) አፋችሁን ተጉመጥመጡ።

ሃርሞኒካው ባለ 10 ቀዳዳ፣ ቁልፉ (መነሻ ድምፁ) ሲ (C) የሆነ ይሁን። ባለ ሁለት ረድፍ ቀዳዳው ትሬሞሎም ጥሩ ነው፣ ግን ከታች የምሰጣችሁ ቁጥሮች ለእሱ አይሠሩም። አየር የሚያፈስና በግድ ካልሳባችሁት የማይጮኽ ሃርሞኒካ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። ለጥርሳችሁ ዋናው ጠላት እሱ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ ወደ ላይ፣ 1 ቁጥር በግራችሁ በኩል። ሃርሞኒካውን በከንፈር ጫፍ ሳይሆን እርጥቡ የውስጠኛው ከንፈር እስኪነካው ድረስ ወደ ውስጥ አስገቡት። ጥርስ ላይ አትደግፉት! የላይኛውን የፊት ጥርስ ስትገፉት ከኋላ በኩል ላንቃውን ይለቃል፣ አንዴ አየር ከገባበት በኋላ አይያዝም። ከንፈራችሁንም አታኮማትሩ፤ የተወጠረ ከንፈር የጥርሱን ጠርዝ ይገፋዋል። የምላሳችሁ ጫፍ ከታችኛው የፊት ጥርስ ኋላ ትረፍ። የታችኛውን ጥርስ የምትይዘው እሷ ናት።

አሁን ዜማ አትሞክሩ። 4ኛው ቀዳዳ ላይ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ ተንፍሱ። ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ከሆዳችሁ፣ እንቅልፍ ሊወስደው እንደደረሰ ሰው በቀስታ። ጉንጫችሁ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ በአፋችሁ እየመጠጣችሁ ነው ማለት ነው፣ አቁሙና እንደገና ጀምሩ። ጠቅታም አዳምጡ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ 2ኛውን ቀዳዳ በሙሉ ኃይላቸው ሲስቡት የላይኛው ጥርሳቸው ላንቃቸውን ለቆ ከታችኛው ጋር «ጠቅ» ይል ነበር። አየሩን በግማሽ ሲቀንሱት ጠቅታው ጠፋ፣ የሚገርመው ደግሞ ድምፁ ጭራሽ ጠራ።

ትንፋሹ ከተገራ በኋላ ሊያፏጭ እንደተዘጋጀ ሰው ከንፈራችሁን ሳትወጥሩ ሰብሰብ አድርጋችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ ለዩ። ከዚያ ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት አውጡ (ቁጥሩ የቀዳዳው ነው)፦ 4 ንፉ፣ 4 ሳቡ፣ 5 ንፉ፣ 6 ንፉ፣ 6 ሳቡ፣ 7 ንፉ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ከ6ቱ ድምፆች የሚሳቡት 2 ብቻ ናቸው! ይሄ ቅኝት ሰው ሠራሽ ጥርስ ላለው ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው። ውጡበት፣ ውረዱበት፣ የምታውቁትን የትዝታ ዜማ በጆሯችሁ ፈልጉበት።

ትዝታ ማይነር የሚያምራችሁ ከ6 ጀምሩ፦ 6 ሳቡ፣ 7 ሳቡ፣ 7 ንፉ፣ 8 ንፉ፣ 9 ሳቡ፣ 10 ሳቡ። እዚህ ላይ መሳቡ 4 ደረሰ፣ ስለዚህ ሜጀሩ ላይ ጥርሳችሁ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ሳይለምድ አትቸኩሉ።

ድምፅ ማጠፍን፣ ማለትም እየሳቡ ድምፁን ወደ ታች ማውረድን፣ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ምላስ ወደ ኋላ መሄድ ስላለበት የታችኛው ጥርስ ያስቸግራል። ከ4ኛው ቀዳዳ ጀምሩ፣ አፋችሁን «ኢ» ከሚለው ወደ «ኡ» ቀይሩት። አየር መጨመር ምንም አይጠቅምም፣ የሚያጥፈው የአፍ ቅርፅ ነው።

ጥርሱን አውልቀው የሚጫወቱም አሉ። ከንፈር ድጋፍ ስለሚያጣ አየር ያመልጣል፣ ግን የሚመቸው ሰው አይጠፋም፣ ሞክሩት። ብቻ ያወለቃችሁትን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱ። በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ቤት የሚያጸዳ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጭቅጭቁ።

ስትጨርሱ ሃርሞኒካውን ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉትና ምራቁ ሲደርቅ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱት፤ የአዳማ አቧራ ክፍት ያገኘውን አይምርም። ጥርሱን ደግሞ ውሃ የያዘ ሳፋ ላይ ሆናችሁ እጠቡ፣ ቢያመልጣችሁ አይሰበርም። የፈላ ውሃ ቅርፁን ስለሚያበላሸው አትጠቀሙ። ድዳችሁ ላይ የቀላ ወይም የቆሰለ ቦታ ካያችሁ እስኪድን መጫወቱን አቁሙ፣ ካልዳነም ለሐኪሙ አሳዩት። ስትሄዱ ሃርሞኒካውንም ያዙት፤ የት ጋ እንደሚጫን ሐኪሙ በዓይኑ ቢያይ ጥርሱን ለማስተካከል ይቀለዋል።