ለማውንቴን ሳይክል የኋላ ዲሬይለር እንዴት ይመረጣል?

ማርሹ ከራሱ ይዘላል፣ ካቴናው ይንኳኳል፣ ሠሪው ደግሞ ገና ሳያየው «ዲሬይለሩ አልቋል፣ ቀይረው» ብሎ ፈርዷል። አቦ፣ አትቸኩሉ።

ዲሬይለር ከኋላ ጎማ በስተቀኝ ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከአንዱ ጥርሳም ብረት (በተለምዶ «ጥርስ» የምንለው) ወደ ሌላው የሚገፋው ዕቃ ነው። ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው ማንጠልጠያ ትንሽ ብረት ነው። ብዙ ሳይክሎች ላይ ይህ ብረት ሆን ተብሎ ለስላሳ ይደረጋል፤ ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ፍሬሙ ከሚጎዳ እሱ ይጣመም ተብሎ ነው። ከኋላ ቁጭ በሉና በአንድ ዓይን እዩ። የዲሬይለሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው ካልተሰለፉ ጥፋተኛው ማንጠልጠያው ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይቃና አዲስ ዲሬይለር ብትገጥሙ ያው መዝለሉ ይቀጥላል። ማንጠልጠያው ደህና ሆኖ ዲሬይለሩ በእጅ ሲነቀነቅ የሚወላገድ ከሆነ ግን መገጣጠሚያዎቹ ተበልተዋል፤ የድሬዳዋ አሸዋ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ብረት ይሞርዳል፣ ሌላ ምን ይባላል። ትንንሾቹ ጎማዎች ብቻ ካለቁ እነሱ ለብቻቸው ስለሚሸጡ ሙሉውን አትግዙ።

መግዛቱ ከተወሰነ፣ ምርጫው የሚጀምረው ከመሪው ነው። ማርሽ መቀየሪያው ላይ ምን ተጽፏል? አምራቹ ሺማኖ ነው ወይስ ስራም? ከኋላ የተደረደሩት ጥርሳም ብረቶችስ ስንት ናቸው? ይሄ የሚጠየቀው መቀየሪያው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል የሚስበው የካቦ ልክ ከዲሬይለሩ ጋር መስማማት ስላለበት ነው። የሺማኖ ከ6 እስከ 9 ማርሽ ያሉት በአንድ ልክ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ሳይክል ላይ የ9 ዲሬይለር ብትገጥሙ ይሠራል። በማውንቴን ሳይክል ከ10 ጀምሮ ግን ልኩ ተቀይሯል፤ የ10ን ከ8 መቀየሪያ ጋር ማጋባት ራስ ምታት ነው። ስራምም በአብዛኛው ከስራም ጋር ነው የሚሄደው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።

ቀጥሎ ጥርስ ቁጠሩ። ሁለት ነገር ነው የምትፈልጉት፦ ከኋላ ያለው ትልቁ ብረት ስንት ጥርስ እንዳለውና የፊትና የኋላውን ጠቅላላ ልዩነት። ከፊት ትልቁ 42፣ ትንሹ 24 ቢሆን ልዩነቱ 18 ነው። ከኋላ 34 እና 11 ቢሆን 23። ሲደመር 41። የዲሬይለሩ አቅም፣ ማለትም ሊሸከመው የሚችለው ጠቅላላ የጥርስ ልዩነት፣ ከ41 ማነስ የለበትም፣ ካነሰ ካቴናው ከፊትም ከኋላም ትንሹ ጥርስ ላይ ሲሆን ይንጠለጠላል፣ ወይም ከፊትም ከኋላም ትልቁ ላይ ሲሆን ተወጥሮ ዕቃ ሊሰብር ይችላል። ከፊት ሦስት ጥርሳም ብረት ያለው ሳይክል፣ ሁለቱን ትንንሽ ጎማዎች የያዘው እጁ ረጅም የሆነ ዲሬይለር ይፈልጋል፤ ሺማኖ ረጅሙን ኤስጂኤስ፣ መካከለኛውን ጂኤስ ይለዋል። ከፊት አንድ ጥርሳም ብረት ብቻ ከሆነ የፊቱ ልዩነት ዜሮ ነው፣ ሒሳቡ ይቀላል።

እዚህ ላይ ስለ ደንገጎ፣ ከድሬ ወደ ሐረር ስለሚያወጣው ዳገት፣ ማሰብ አለባችሁ። ከተማ ውስጥ፣ ከዚራና ሳቢያን ብቻ ለምትነዱ ከኋላ 28 ጥርስ ይበቃል። ወደ ሐረር ለመውጣት የምታስቡ ከሆነ ግን ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ያኔ ነው ዳገት የሚያቀለው 34ቱ የሚናፍቀው። ስለዚህ ዛሬ 28 ቢኖራችሁም 34 የሚችል ዲሬይለር ግዙ፣ በኋላ ጥርሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ያኔ ካቴናውም መርዘም እንዳለበት አትርሱ።

አገጣጠሙንም እዩት። ርካሽ ሳይክሎች ላይ ዲሬይለሩ የራሱ ብረት ይዞ ይመጣና በኋላ ጎማ ብሎን ይታሰራል። ሌሎቹ ላይ በቀጥታ ማንጠልጠያው ላይ ይጠመዘዛል። አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።

እኔ ብጠየቅ፣ ለባለ 7 እና ባለ 8 ማርሽ ሳይክል ርካሾቹ የሺማኖ ሞዴሎች፣ አዲስ ቱርኒ ወይም አልተስ፣ ከተወላገደ አሮጌ ዲኦሬ (ከፍ ያለው የሺማኖ ሞዴል) ይሻላሉ። ካቴናው እንዳይዘል የሚይዝ ክላች ያለውን የሚፈልግ አለ፣ የድሬው ደቻቱ ወንዝ ድንጋይ ላይ ለሚነዳ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በአብዛኛው የሚገኘው 9 እና ከዚያ በላይ ማርሽ ባላቸው ላይ ስለሆነ ለእሱ ብላችሁ ሙሉ ሳይክሉን አትቀይሩ።

ሲገጠም ካቦውን ከማሰር በፊት ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ አስተካክሉ። ኤች የተጻፈበት ካቴናው ከትንሹ ጥርስ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ፣ ኤል የተጻፈበት ደግሞ ከትልቁ አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች እንዳይገባ ይከለክላል። ኤልን በዋዛ አትለፉት፤ ዲሬይለሩ ሽቦ ውስጥ ከገባ እሱም፣ ማንጠልጠያውም፣ ጎማውም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ካቦውን እሰሩ፣ ጎማውን አንስታችሁ እየዞረ ሁሉንም ማርሽ ሞክሩ። አዲስ ካቦ ከጥቂት ቀን በኋላ ይላላል። ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ሲዘገይ፣ ካቦው የሚገባበትን ማስተካከያ በጣት ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዙሩት።