በዓሉን አስቀድመው ይያዙ፣ ግንቡ ይከተላል፦ የብሪታንያ ጉብኝት እንዴት ይታቀዳል?

ብሪታንያን ለማየት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ዝርዝር ይዞ ይጀምራል፤ የለንደን ግንብ፣ ስቶንሄንጅ፣ የኤድንብራ ግንብ እያለ። የእኔ ምክር ከቦታው በፊት ቀኑን ይምረጡ ነው። ግንቡና ካቴድራሉ ከዓመት ዓመት እዚያው ናቸው፤ በዓሉ ግን በዓመት አንዴ መጥቶ ያልፋል። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሲዘምርና ችቦ ሲያበራ ያየ ሰው በማግስቱ ግንቡን ሲጎበኝ የሚያየው ነገር ይበዛለታል። (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ለእርስዎ የሚሆነውን በዓል ይለዩ

ግጥምና ቅኔ የሚወዱ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ዌልስ ይሂዱ። አይስቴድቮድ የተባለው የዌልስ ብሔራዊ የግጥምና የዜማ በዓል በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ይካሄዳል። አንድ ዓመት በሰሜን ዌልስ ከሆነ በሚቀጥለው በደቡብ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱን ቦታ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። መድረኩ ላይ የሚሰማው ቋንቋ ዌልሽ ነው፤ ለማያውቀው ሰው የትርጉም ማዳመጫ ይሰጣል። ካየኋቸው ሥነ ሥርዓቶች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አሸናፊው ገጣሚ የሚቀመጥበት የወንበሩ ሽልማት ነው። ገጣሚዎች በጥብቅ የዌልሽ የግጥም ሕግ የጻፉትን በብዕር ስም ያስገባሉ፤ አሸናፊው ማን እንደሆነ ታዳሚው አያውቅም። የብዕር ስሙ ሲጠራ ገጣሚው ከሕዝቡ መካከል ብድግ ይላል፤ ብርሃኑም እርሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሰይፍ ከሰገባው እየተመዘዘ የበዓሉ መሪ ሦስት ጊዜ «ሰላም ነውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕዝቡም ሦስት ጊዜ «ሰላም!» ብሎ ይመልሳል። ለወንበሩ የሚመጥን ግጥም ካልተገኘ ማንም አይቀመጥበትም። የቅኔን ክብር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ትርጉም አያስፈልገውም።

እሳት ያማረው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው ከጥምቀት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ የመጨረሻ ማክሰኞ ማታ፣ በሼትላንድ ደሴቶች ለርዊክ ከተማ የሚከበረው አፕ ሄሊ አ ነው። ችቦ የያዙ ሰዎች በረጅም ሰልፍ ከተማውን ይዞራሉ፤ መሪዎቹ እንደ ጥንቶቹ ቫይኪንጎች ይለብሳሉ፤ በመጨረሻም ለወራት ሲሠሯት የቆዩትን መርከብ በችቦዎቹ ያቃጥሏታል። ወደዚያ ለመድረስ ከአበርዲን ሌሊቱን ሙሉ በመርከብ መጓዝ ወይም በአውሮፕላን መሄድ ያስፈልጋል፤ ማረፊያ ደግሞ በጣም ቀድሞ ያልቃል። ሁለተኛው ለለንደን ቅርብ ነው፦ ኖቬምበር 5 በሉዊስ ከተማ። በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው ሴራ የከሸፈበት ቀን በመላ አገሪቱ በእሳትና በርችት ይታሰባል፤ ሉዊስ ግን ከዚያ በተጨማሪ በ1550ዎቹ ስለ እምነታቸው በከተማዋ በእሳት የተቃጠሉትን 17 ፕሮቴስታንቶች ታስባለች። ቀኑ እሑድ ላይ ከዋለ ቅዳሜ ይከበራል። በዚያ ምሽት መንገድ ይዘጋል፤ በቅርብ ዓመታት ባቡሮችም ከቀትር በኋላ ከተማዋ ውስጥ መቆም አቁመዋል። ስለዚህ ያለ ማደሪያ አይሂዱ።

የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል በኦገስት መጨረሻ፣ የእንግሊዝ የሕዝብ በዓል በሆነው ሰኞና በዋዜማው እሑድ ለንደን ውስጥ ይካሄዳል። በ1958 በአካባቢው የካሪቢያን ስደተኞች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ በትሪኒዳድ የተወለደችው ክላውዲያ ጆንስ በ1959 በአዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች፤ የጎዳናው በዓል በ1966 ተከተለ። ክፍያ የለውም። ልጆች ይዘው ከሆነ እሑድን ይምረጡ፤ የቤተሰብ ቀን ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። አንዳንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ስለሚዘጉ ራቅ ካለ ጣቢያ ወርዶ በእግር መግባት ይሻላል።

ገንዘብ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሴፕቴምበርን ይያዝ። ከ1994 ጀምሮ በእንግሊዝ በየዓመቱ በዚህ ወር «የቅርስ ክፍት ቀናት» አሉ፤ ሌላ ጊዜ ዝግ የሆኑ ወይም በክፍያ የሚገቡባቸው ሕንፃዎች በነፃ ይከፈታሉ። ስኮትላንድና ዌልስም በዚያው ወር ተመሳሳይ ቀናት አሏቸው። ነፃ ቢሆኑም አንዳንዶቹ ቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃሉ።

2. ቪዛውን ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ያስሉ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ሦስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው፤ ለኦገስት በዓል በሜይ ማለት ነው። በሩ እንደተከፈተ ያመልክቱ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ቪዛ ባያስፈልጋቸውም ኢቲኤ የተባለውን የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ቀድመው ማውጣት አለባቸው።

3. አልጋ ከትኬት በፊት ይያዙ

ይህ በተለይ ለኤድንብራ ነው። ኦገስት ላይ ከተማዋ ሌላ ከተማ ትሆናለች። የኤድንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል በ1947 ሲጀመር ስምንት የቲያትር ቡድኖች ሳይጋበዙ መጥተው በራሳቸው ቦታ ትርዒት አሳዩ፤ ዛሬ ከዋናው ፌስቲቫል የገዘፈው፣ ፍሪንጅ የተባለው የትርዒት በዓል የተወለደው ከእነርሱ ነው። ከ1950 ጀምሮ ደግሞ በግንቡ ፊት ለፊት ወታደራዊ ባንዶች በምሽት ትርዒት ያሳያሉ፤ ታቱ ይባላል። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ሲደራረብ የአልጋ ዋጋ ጣራ ይነካል።

እኔ የምመክረው ከከተማዋ ወጥቶ ማደርን ነው። ዳንፈርምሊን ወይም ከርካልዲ ላይ አልጋ ቢይዙ ባቡሩ በየዕለቱ በፎርዝ ድልድይ ላይ ያሳልፍዎታል። በ1890 የተከፈተ፣ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቀይ የብረት ድልድይ ነው፤ ለእሱ ብቻ ሌላ ቀን መመደብ አያስፈልግም። ዳንፈርምሊን ራሷም የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ የተቀበረባት ጥንታዊ ገዳም አላት።

ፍሪንጅን ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሮያል ማይል ጎዳና የሚታየው ትርዒት ነፃ ነው፤ ሲያልቅ ባርኔጣ ይዞራል፣ ከወደዱት ይስጡ። ወቅቱ ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጣጠም ለጿሚዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ምግብ ቤት ሲገቡ «ቪጋን» ብለው ይጠይቁ፤ በዚህ ስም የሚቀርብ ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ዓሣም የለበትም፣ በከተማዋም በቀላሉ ይገኛል። በፕሪንስስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ ሲያልፉ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንን ልብ ይበሉ። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በዚያ በቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘው በ2001 ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰው፤ በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

4. የመግቢያ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት ይቁጠሩ

የብሪታንያ ቅርሶች ባለቤታቸው አንድ አይደለም። ስቶንሄንጅ በኢንግሊሽ ሄሪቴጅ፣ የኤድንብራ ግንብ በስኮትላንድ የመንግሥት የቅርስ ተቋም፣ ብዙዎቹ የዌልስ ግንቦች «ካዱ» በሚባለው የዌልስ የቅርስ ተቋም፣ የለንደን ግንብ ደግሞ በሌላ ድርጅት ሥር ናቸው። ለውጭ ጎብኚ የሚሸጠው የአንዱ የአጭር ጊዜ ካርድ የሌላውን በር አይከፍትም። የሚጎበኟቸውን ቦታዎች በወረቀት ጽፈው የአንድ ተቋም የሆኑት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ ብቻ የዚህን ካርድ ዋጋ ያመዛዝኑ። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ በኤድንብራ የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በካርዲፍ አጠገብ ሴንት ፋገንስ ሙዚየም ሁሉም መግቢያቸው ነፃ ነው። የረጅም መንገድ ባቡር ትኬት በአብዛኛው ከጉዞው 12 ሳምንት ገደማ በፊት በቅናሽ ይወጣል።

5. ለኢትዮጵያዊ የሚገቡ ሦስት ቦታዎችን ይጨምሩ

ለንደን ሲደርሱ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይግቡ፤ እሱም ነፃ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በእጁ አሉ፤ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን እንደተሠሩ ይታመናል። የት ክፍል እንዳሉ በመግቢያው ይጠይቁ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦታት ግን ለዕይታ አይቀርቡም።

ከዚያ ዊንድሰር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በመንገድ አጥቶ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አረፈ። በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ የተቀበረው በዊንድሰር ግንብ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ዘንድ ነው፤ በውስጡ የነሐስ መታሰቢያ አለ፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» ይላል። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም። ጸሎት ቤቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ግንቡም በሳምንት ውስጥ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉት የጉዞ ቀንዎን ከመቁረጥዎ በፊት ይመልከቱ። ቀን ያልተመቸው ለማታ ጸሎት በነፃ መግባት ይችላል።

ሦስተኛው ባዝ ነው። የሮማውያንን መታጠቢያ ለማየት መሄድዎ አይቀርም፤ ሲጨርሱ ወደ ኒውብሪጅ ሰፈር ይለፉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ እዚያ ነው፤ ንጉሡ በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ሰጡት። በሩ በየቀኑ አይከፈትም፤ የጉብኝት ቀኑን አጣርተው ከሮማውያኑ መታጠቢያ ጋር በአንድ ቀን ያድርጉት።