ኢሜይሉ የተሳሳተ አድራሻ ሲያቀብላችሁ

የተቀባይ ቦታ ላይ ሁለት ፊደል እንደጻፋችሁ ስም የሚደረድርላችሁ ነገር አለ። በደንብ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። ሲበላሽ ግን ጣጣ ያመጣል። እዚህ የማወራው ዊንዶውስ ላይ ስላለው ነባሩ (ክላሲክ) አውትሉክ፣ ማለትም ስለ ማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፕሮግራሙ ኢሜይል የላካችሁላቸውን ሰዎች አድራሻ የሚይዝበት የራሱ ዝርዝር አለው። ራሳችሁ የሰው አድራሻ መዝግባችሁ የምታስቀምጡበት ኮንታክት ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አንዱን ስታርሙ ሌላው አይታረምም።

አሮጌው አድራሻ አልጠፋ ሲል

ሰውዬው መሥሪያ ቤት ቀይሯል። ኮንታክቱን አስተካክላችኋል። ስሙን መጻፍ ስትጀምሩ ግን ያው የድሮው ከተፍ ይላል። የመጣው ከዚያ ዝርዝር ነዋ። ስህተትንም ይይዛል፤ አንዲት ፊደል ገድፋችሁ የላካችሁበትን አድራሻ በሚቀጥለው ቀን መልሶ ያቀርብላችኋል።

አዲስ ኢሜይል ክፈቱና የስሙን መጀመሪያ ጻፉ። ስሞቹ ሲዘረዘሩ በቀስቷ ወርዳችሁ የማትፈልጉት ላይ ስትደርሱ ዲሊትን ተጫኑ። በማውስ ከሆነ በስሙ በስተቀኝ ያለችውን የኤክስ ምልክት ክሊክ አድርጉ። ኢንተር እንዳትነኩ ብቻ።

ኢሜይሉ ለሌላ ሰው ሲሄድ

ይሄ በእኔ ደርሷል። የበጀት ረቂቅ ለሄለን ልልክ ሁለት ፊደል ጽፌ ኢንተር መታሁ። ሄለን ግን ሁለት ነበሩ። አንዷ የሂሳብ ክፍላችን፣ ሌላዋ ዕቃ የሚያቀርብልን ድርጅት ሠራተኛ። የቱ ጋ እንደደረሰ ገምቱ። የተላከን መልሶ መጥራት የሚባለውን ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ከራስ ድርጅት ውጭ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ የምጽፍላትን ሄለን ከዝርዝሩ አጠፋኋት። ስጽፍላት ከኮንታክት እመርጣታለሁ። ሚስጥር ያለበት ነገር ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ጽሑፉን እጨርሳለሁ፣ ፋይሉን አያይዛለሁ፣ አድራሻውን የማስገባው በመጨረሻ ነው። አውትሉክ ውስጥ ሩልስ የሚባለው ጋ ገብታችሁ እያንዳንዱ ኢሜይል ሁለት ደቂቃ ቆይቶ እንዲወጣ ማዘዝም ትችላላችሁ። እስከ 120 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ለድንጋጤ ግን ሁለቱ ይበቃል።

ጎናችሁ ላለ ሰው ልካችሁ ሲመለስ

ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ስሙ ትክክል፣ ሰውየው ትናንት ለእናንተ ጽፏል፣ እናንተ ስትልኩ ግን «550 5.1.1» ከሚል ቁጥር ጋር ይመለሳል፤ ተቀባዩ አልተገኘም ማለት ነው። ከቁጥሩ ጋር በእኩል ምልክትና በሰረዝ የታጨቀ፣ ማንበብ የሚያታክት ረጅም ጽሑፍ ታያላችሁ።

ምስጢሩ እሱ ጽሑፍ ላይ ነው። ቢሮው ኤክስቼንጅ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር የሚጠቀም ከሆነ፣ ዝርዝሩ ለሥራ ባልደረባችሁ የሚይዘው የምታዩትን አድራሻ ሳይሆን ከበስተጀርባ ያለ መለያ ነው። የሰውየው የኢሜይል ሳጥን ተሰርዞ በአዲስ ሲከፈት ወይም ወደ ሌላ ሲስተም ሲዛወር መለያው ይቀየራል። ስሙ ያው ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ። የድሮ ኢሜይሉን ከፍታችሁ መልስ ብትሰጡም በዚያው ምክንያት ሊመለስ ይችላል።

ስሙን ከላይ እንዳልኩት አጥፉና ከድርጅቱ የአድራሻ ደብተር እንደ አዲስ ምረጡት። ቢሮው በሙሉ እየተቸገረ ከሆነ ሁሉም ሰው ዲሊት ሲጫን አይዋል። አይቲ ክፍል የድሮውን መለያ «ኤክስ 500» በሚባለው የአድራሻ ዓይነት አዲሱ ሳጥን ላይ ቢጨምረው ለሁሉም ይፈታል።

ምንም ስም አልመጣ ሲል

ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሜይል ውስጥ ግቡ። መልእክት ስለመላክ የሚለው ክፍል ላይ ስሞችን እንዲጠቁም የምታዝዘው ሳጥን ምልክት አላት? ከሌላት አድርጉባት። አለቀ።

ምልክቱ ካለ፣ ትናንት የገባው ስም ዛሬ የጠፋው ምናልባት ፕሮግራሙ በአግባቡ ስላልተዘጋ ነው። ተንጠልጥሎባችሁ በግድ ከዘጋችሁት አዲሶቹን ስሞች ሳያስቀምጥ ሊወጣ ይችላል። ዝርዝሩ ደግሞ ወሰን አለው፣ በተለምዶ 1000 ስም። ሲሞላ አንዳንዱ ይወጣል።

እዚያው ገጽ ላይ ዝርዝሩን በሙሉ ባዶ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ስሞቹ ተደበላልቀው መላ ሲጠፋ እሱ ይሠራል። ግን መመለሻ የለውም፣ የዓመታት ስም ባንዴ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የምትፈልጓቸውን ኮንታክት ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ዝርዝሩ እንደገና እስኪሞላ ድረስ የስሙን ከፊል ጽፋችሁ ኮንትሮልን ከኬ ጋር ተጫኑ፤ ከአድራሻ ደብተሩ ፈልጎ ያመጣላችኋል።