ኮሮናው ለቆ ድካሙ አልለቅ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

እህቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሊፍት የለውም። ኮሮና ይዟት ከተነሳች አራት ወር አልፎ ነበር። አንድ ቅዳሜ «ዛሬስ ደህና ነኝ» ብላ የሳምንቱን ልብስ በእጇ አጠበች፤ ባልዲውን ተሸክማ ታች ወርዳ አሰጣች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት ግን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ጭንቅላቷ ከበዳት፤ ስልክ ላይ ስናወራ ቃል ይጠፋባት ጀመር። እናታችን «ብርድ መትቷት ነው» አለች። ቅዳሜን ያነሳ ሰው የለም።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሎንግ ኮቪድ፣ ማለትም ኮሮናው ካለፈ በኋላ ለወራት የሚቆየው ሕመም፣ ብዙ ሰው ላይ ቅጣቱን የሚያመጣው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ። የሰኞው ሕመም የቅዳሜ ልብስ መሆኑን ማን ያስባል? ለዚህ ነው «ተነሺ፣ ዎክ አድርጊ፣ መተኛቱ ነው የጎዳሽ» የሚለው ምክር የሚበዛው። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ ግን እንዲህ ላለው ሰው መርዝ ነው። ሐኪሞችም ተሳስተውበታል። ኤም ኢ በሚባለውና ከሎንግ ኮቪድ ጋር በጣም በሚመሳሰለው የቆየ ሕመም፣ እንግሊዝ ውስጥ ለዓመታት በየጊዜው እየጨመሩ ስፖርት መሥራት ይታዘዝ ነበር። የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ ይህን ምክር የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ሁሉም ሰው ስፖርት ይተው ማለቴ አይደለም። እንቅስቃሴ የሚረዳው አለ። ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ሥራ ከሠሩ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይብስብዎታል? አዎ ከሆነ፣ ሲደክሙ ሳይሆን ገና ጉልበት እያለዎት ያቁሙ። እህቴ ደብተር ያዘች። የሠራችውን በግራ፣ የተሰማትን በቀኝ እየጻፈች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያሳምሟት ነገሮች ተራ በተራ ወጡ፦ ደረጃው፣ ልብሱና ረጅም የስልክ ወሬ። አዎ፣ ስልክም። አእምሮም ይደክማል።

ሌላው ስህተት ሁሉንም ነገር በኮሮና ማሳበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የሎንግ ኮቪድ ትርጓሜ ምልክቶቹ ከሕመሙ መነሻ ሦስት ወር ገደማ በኋላ የሚታዩ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆዩ፣ በሌላ በሽታ የማይገለጹ ይላል። ያቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ተረስታለች። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል እኛ አገር መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ነው የሚፈልገው። ድካሙ ደም ማነስ፣ ስኳር ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላል። ደረት የሚያስጨንቅ ሕመም ወይም ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር ከመጣ ደግሞ ደብተር መጻፉ ይቅርና ሆስፒታል ይሂዱ።

ግልባጩም አለ። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሲወጣ «ምንም የለብሽም፣ ሐሳብ ነው» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ሪከቨር የተባለው ትልቅ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ 25 የተለመዱ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን አይቶ፣ ሎንግ ኮቪድን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ አንድም አላገኘም። ውጤቱ የወጣው በ2024 ነው። ንጹሕ ወረቀት ሌላ በሽታ ላለመኖሩ ይጠቅማል እንጂ ሰውዬውን ውሸታም አያደርገውም።

ይልቅ ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ምርመራ አለ። አምስት ደቂቃ ተጋድሞ የልብ ምት መቁጠር፤ ከዚያ ቆሞ እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ ደጋግሞ መቁጠር። የእህቴ ተጋድማ 74 ነበር፤ ስትቆም 112 ገባ። አዋቂ ሰው ላይ የደም ግፊቱ ሳይወርድ በ30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረና ከቆየ፣ ፖትስ የሚባለውን፣ ሲቆሙ የልብ ምት ከልክ በላይ የሚጨምርበትን ችግር ለሐኪም ማንሳት ይገባል። ለእርሷ ውኃና ጨው እንዲጨመር ተነገራት። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨዉን ከሰው አይቅዳ። አሁን ሽንኩርት የምትከትፈው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው።

ፋርማሲው ላይ ብዙ አልቆይም። አሞክሳሲሊን ቫይረስ ላይ አይሠራም። ዴክሳሜታዞን በ2020 ነፍስ ያዳነው ኦክሲጅን የሚያስፈልጋቸውን ታማሚዎች ነው፤ ቤት ተቀምጦ ለደከመው ሰው ስኳሩን ሊያስነሳበት ይችላል። «የጉልበት መርፌ» የሚያስወጋው ሰውም በአብዛኛው የሚቀለው ኪሱ ነው።

ሽታ የጠፋበት ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አፍንጫም ልምምድ አለው። በተለመደው ዘዴ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ በቀን ሁለቴ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ሰከንድ እያሰቡ ማሽተት ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ወር። ሁሉም ላይ አይሳካም፤ ጉዳት ግን የለውም። እህቴ ጽጌረዳውን በቡና ለወጠችው። እስኪመለስ ድረስ ጋዝ ሲያፈስ የሚያሸትላት ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልግ ነበር።

«ጥናት አረጋግጧል» የሚል የቴሌግራም ጽሑፍ ሲደርስዎ ደግሞ ከምን ጋር አነጻጽሮ? ብለው ይጠይቁ። ፓክስሎቪድ የተባለውን የኮሮና መድኃኒት ለ15 ቀን መውሰድ ሎንግ ኮቪድን ያሽላል ተብሎ ብዙ ተጠብቆ ነበር። ስታንፎርድ 155 ሰዎች ላይ ሞከረው፤ በ2024 የወጣው ውጤት ዋናው መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተለየ ጥቅም አላሳየም። ብዙ ሰው በጊዜ ብዛት ራሱ ይሻለዋል። ያኔ በአምስተኛው ወር የጠጣው ዳማከሴ ምስጋናውን ይወስዳል።

እህቴ ልብሷን አሁን ለሦስት ቀን ከፋፍላ ነው የምታጥበው። ባልዲውን የሚያወርድላት የጎረቤት ልጅ ነው። እናታችን ዛሬም ብርድ ነው ትላለች።